ፈረሱ በምን ኃይል ይሮጣል?

አንባቢ ሆይ፤ ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ ሲጓዙ ቦዲቲ ላይ ያረፉ እንደ ሆነ፥ ጋሪ የሚጎትቱትን ፈረሶች ልብ ብለው ይመልከቱ። ከነዚህ አንዱ ለበዓል ግልቢያ ቢፈለግ ምን ያህል ይሮጥ ይመስልዎታል?

ብዙ ሰው ምስጢሩ ከአለንጋው ያለ ይመስለዋል። ፈረስ ግን የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው፤ በሚጋልብበትም ጊዜ አራቱ እግሮቹ አንድ ዙር በረገጡ ቁጥር አንዴ ይተነፍሳል። አፍንጫው ላይ የታሰረው ገመድ ከጠበቀበት፥ ቢገርፉት አየር አይጨምርለትም። ሲያርፍ በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል የሚመታው ልቡ በሙሉ ግልቢያ ከ200 ያልፋል። ይህን የሚችለው ቀስ በቀስ የለመደ ፈረስ ነው።

ቀጥሎ ጀርባውን ይዩ። ገጣባ ፈረስ ኮርቻው ሲያርፍበት ስለሚያመው እርምጃው ያጥራል፤ ባለቤቱ ግን «ሰነፈ» ይላል። (እኔ ሰነፉ ግላሱን ያላጠበው ነው እላለሁ።) ኮቴውንም አንሥተው ጠጠር እንዳለበት ይመርምሩ።

ምግቡስ? ፈረስ የበላውን ማስመለስ አይችልም። ገብስ አጥግበው ወዲያው ቢጋልቡት የሆድ ቁርጠት ሊይዘውና ሊገድለው ይችላል። ግልቢያው ጧት ከሆነ ገብሱን ማታ ይስጡት፤ ውሃ ግን አይከልክሉት።