ጽሑፍን በምስል መተካት

ጽሑፍን በምስል መተካት በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ የሌለን ፎንት በድረ ገጽ ላይ ለማሳየት የሚያገለግል ዘዴ ነው። ጽሑፉ በገጹ ኤችቲኤምኤል ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ በዓይን የሚታየው ግን በተፈለገው ፎንት የተሠራ ምስል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያስፈለገበት ምክንያት

ቀድሞ ብራውዘር ጽሑፍን የሚያሳየው በኮምፒውተሩ ላይ በተጫኑት ፎንቶች ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የተመረጠው ፎንት ከሌለ በሌላ ይተካዋል። ስለዚህ የድረ ገጽ ሠሪዎች ርዕሶችን በምስል እየሠሩ ያስገቡ ነበር። ይሁን እንጂ ምስል የቀለም ነጥቦች ስብስብ እንጂ ፊደል አይደለም። በውስጡ ያለው ቃል ተፈልጎ አይገኝም፣ ኮፒ አይደረግም፤ አማራጭ ጽሑፍ ካልተጻፈለትም ለዓይነ ስውራን ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነበው ስክሪን ሪደር ያልፈዋል።

በአማርኛ ችግሩ የባሰ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የፎንት አምራቾች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ድረ ገጾች ርዕሱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጽሑፉን በምስል ያወጡ ነበር። አንባቢ ያነበዋል፤ የፍለጋ ፕሮግራም ግን አንድም ቃል አያገኝበትም።

ዋና ዋና ዘዴዎች

* የፋህርነር ዘዴ፦ ዳግላስ ቦውማን በ2003 ያስተዋወቀው ሲሆን ስሙን ያገኘው ከቶድ ፋህርነር ነው። ምስሉ የርዕሱ ዳራ ይደረጋል፤ ጽሑፉም በሲኤስኤስ ትእዛዝ ይደበቃል። ነገር ግን ብዙ ስክሪን ሪደሮች የተደበቀውን ጽሑፍ ስለማያነቡ ዓይነ ስውራን ርዕሱን አያገኙትም ነበር።
* የፋርክ ዘዴ፦ የማይክ ረንድል ዘዴ ነው። ጽሑፉ ሳይደበቅ በሺዎች በሚቆጠር ፒክስል ወደ ግራ ከማያ ገጹ ውጭ ይገፋል። ስክሪን ሪደር ያነበዋል፤ ሆኖም ምስሉ ካልተጫነ በቦታው ባዶ ይቀራል።
* ሲፈር፦ በምስል ፈንታ ፍላሽንና ጃቫስክሪፕትን ይጠቀም ነበር። ከሁለቱ አንዱ ከሌለ ተራው ጽሑፍ ይታይ ነበር።

ጉድለቶች

በምስል ዘዴ አንድ ቃል ለማረም ምስሉን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ገጹ ሲጎላ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ስለሚወርድም በዝግተኛ ኢንተርኔት ገጹ ይዘገያል።

በድር ፎንት መተካቱ

የፎንት ፋይልን ከገጹ ጋር የሚያወርደው የሲኤስኤስ ደንብ በ1998 ቢወጣም፣ ሳፋሪ በ2008 ፋየርፎክስ ደግሞ በ2009 መደገፍ ሲጀምሩ አጠቃቀሙ ተስፋፋ። በዚህ መንገድ ጽሑፉ ጽሑፍ እንደሆነ ይቆያል፤ ይፈለጋል፣ ይነበባል፣ ይታረማል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያሉ ነጻ ፎንቶች ለአማርኛ ገጾች ያገለግላሉ። የግዕዝ ፎንት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊደላት ስለሚይዝ ፋይሉ ሊከብድ ይችላል፤ የማያስፈልጉትን ፊደላት ቀንሶ ማቅለል ይቻላል።

ዛሬ ምስል በጽሑፍ ቦታ የሚገባው በአብዛኛው ለድርጅት ዓርማ ነው። ያኔም ቢሆን አማራጭ ጽሑፍ ሊጻፍለት ይገባል።