አፋር፦ አዋሽ የሚቀርበት ምድር

የአፋር ክልል ከትግራይ፣ ከአማራና ከኦሮሚያ ደጋዎች ግርጌ ተዘርግቶ በሰሜንና በምሥራቅ ከኤርትራ፣ ከጅቡቲና ከሶማሌ ክልል ጋር ይዋሰናል። ስፋቱ 72,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ያገኘበት ሲሆን ከ10 ሰው 9ኙ አፋር ነበር፤ አብዛኛው ሙስሊምና አርብቶ አደር ነው። ከድንበር ማዶ፣ በጅቡቲና በኤርትራም፣ ያው ሕዝብ ያንኑ ቋንቋ እየተናገረ ይኖራል።

ምድሩ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ሦስት የመሬት ቅርፊቶች የሚላቀቁበት ቦታ በመሆኑ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ደባሁ ተራራ አጠገብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ተፈጥሯል። በሰሜን ያለው የደናክል ረባዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በጉድጓዱ የቀለጠ ድንጋይ ለረጅም ዘመን ሲያፈላ የኖረው ኤርታሌ እሳተ ገሞራም እዚያው ይገኛል። ድንቅነሽ (ሉሲ) የተባለችው ጥንታዊ ቅሪተ አካል ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው በዚሁ ክልል፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ ነው።

አፋር ሲባል ግን አሸዋና ሙቀት ብቻ የሚታየው ሰው ዋናውን ነገር ስቷል። የአገሩ ታሪክ የዞረው በውሃ ዙሪያ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ የዘነበው የክረምት ዝናብም በትንሹ አቃቂ በኩል ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ የመስኖ ቦይ ካልጠለፈው ወይም ፀሐይ ካልጠጣው መድረሻው አፋር ነው። ወንዙ ከመጥፋቱ በፊት በአሳይታ ዙሪያ እየተከፋፈለ ያለማው ለም መሬት አውሳ ይባላል። በዚያ በረሃ ውስጥ እህልም፣ ግጦሽም፣ ሥልጣንም የተገኘው እዚያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1577 ከሐረር የተነሳው ኢማማዊ አገዛዝ መቀመጫውን ወደ አውሳ አዛወረ፤ መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1734 የሙዳይቶ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኔቱን መሠረተ። የግብጽ ጦር በስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር እየተመራ ኅዳር 1868 ዓ.ም. ወደ አውሳ በገባ ጊዜ የሱልጣን ሙሐመድ ሐንፈሬ ተዋጊዎች በሌሊት ከበው ደመሰሱት፤ ሙንዚንገርም እዚያው ሞተ። በኋላ ግን አውሳ በምኒልክ ዘመን ለማዕከላዊው መንግሥት ገበረ።

ከሱልጣኖቹ ስማቸው በሰፊው የሚነሳው በ1936 ዓ.ም. የነገሡት አሊሚራሕ ሐንፈሬ ናቸው። ግመሎቻችን ሳይቀሩ የኢትዮጵያን ባንዲራ ያውቃሉ ማለታቸው ዛሬም ይጠቀሳል፤ ይህ ንግግር ገንኖ ሌላው ሥራቸው መረሳቱ ግን ያሳዝናል። የአውሳን መሬት በመስኖ ጥጥ ያስለሙ፣ በዘመናዊ እርሻ ገንዘብ ያገኙ ገዥ ነበሩ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲወርስ ግጭት ተነሳ፤ ሱልጣኑ በጅቡቲ በኩል ተሰደው በ1983 ዓ.ም. ተመለሱ፣ በ2003 ዓ.ም. አረፉ። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደ አዲሷ ሰመራ የተዛወረውም ሱልጣኑ ከተመለሱ በኋላ ነው።

ከውሃ ቀጥሎ ሁለተኛው ሀብት ጨው ነው። በደናክል ረባዳ ሠራተኞች የደረቀውን የጨው ንጣፍ በመጥረቢያ ይሰነጥቁና በረጅም እንጨት ፈንቅለው ያነሱታል፤ ሌሎች ቁጭ ብለው በትንሽ መሣሪያ እየጠረቡ አንድ ልክ ያለው ጡብ ያወጡለታል። ጡቡ በግመል ተጭኖ ወደ በራህሌና መቀሌ ይወጣል፤ አሁን አብዛኛውን ጉዞ መኪና ወስዶታል። አሞሌ ተብሎ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለገለው ይኸው ጨው ነው። የዛሬው የወጥ ጨው ግን በአብዛኛው ከአፍዴራ ሐይቅ ይመጣል፤ ውሃው በፓምፕ ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች ይገባና ፀሐይ ያደርቀዋል። ይህ ሥራ የተስፋፋው ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የአሰብ ጨው ከተቋረጠ ወዲህ ነው።

የአርብቶ አደሩ ቤት አሪ ይባላል። ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የጎነጎኑትን ሰሌን በተጎበጡ እንጨቶች ላይ ያለብሱታል፤ ግጦሽ ሲያልቅ አፍርሰው በግመል የሚጭኑትም እነሱ ናቸው። በጋብቻ በኩል አንድ ወንድ የአክስቱን ልጅ የማግባት ልማድ አለው፤ ይህም አብሱማ ይባላል። የደም ጉዳይ ሲነሳ ሽማግሌዎች በመደአ፣ ማለትም በባህላዊው ሕግ፣ ተቀምጠው ካሳውን በከብት ይቆርጣሉ፤ ካሳውን የሚያዋጣው ጎሳው በሙሉ እንጂ ጥፋተኛው ብቻውን አይደለም።

ከሁሉ የሚደንቀው ዳጉ የተባለው የወሬ ልውውጥ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቆማሉ ወይም ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ የማን ከብት እንደጠፋ፣ ምን እንግዳ ሰው እንደታየ በዝርዝር ይጠያየቃሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት። የሰማውም ሰው ወሬውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል፤ ውሸት ያቀበለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያምነው አያገኝም። ስልክ በደረሰበት ቀበሌም ዳጉ አልቀረም፤ ዛሬ በስልክም ይጠየቃል።