ያገለገለ ሚኒባስ ከመግዛት አስቀድሞ፤ ስለ ምርመራውና ስለ ጥገናው ወጪ አገማመት

ዕቃን ከመጋዘን ወደ ሱቅ፥ ከሱቅም ወደ ደንበኛ ለማመላለስ ሚኒባስ የሚገዛ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ሌላ ሰው ሲነዳው የኖረውን ነው። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ሻጩ የሚጠራው ዋጋ የመኪናው ሙሉ ዋጋ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሙሉው ዋጋ የሚታወቀው የግዢው ገንዘብ፥ በመጀመሪያው ዓመት ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ፥ እንዲሁም መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በሚውልበት ቀን የሚቀረው ገቢ ሲደመር ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳይደምር የሚዋዋል ሰው በዋጋ ቅናሽ ያተረፈ እየመሰለው ዋና ገንዘቡን ይጎዳል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ፥ ዕድሜው በጨመረ መጠን ታክሱም ከፍ እንዲል ደነገገ። አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት እንዲህ ከባድ ሲሆን፥ በአገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ረዥም ዘመን ማገልገሉ አይቀርም። ስለዚህ ምርመራው ይበልጥ ጥብቅ መሆን ይገባዋል።

፩ኛ፤ ስለ ሞተሩ ዓይነት

በኢትዮጵያ እጅግ ከተለመዱት ሚኒባሶች አንዱ የቶዮታ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ የሚሠራው ሃይኤስ ነው። ከ1989 ጀምሮ የተሠራው ዓይነትና ከ2004 ጀምሮ የተሠራው ዓይነት በመልክ ብቻ ሳይሆን በሞተርም ሊለያዩ ይችላሉ። በፊተኛው ላይ የሚገኙት ባለ 2.8 እና ባለ 3 ሊትር አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች በቀላል መካኒካዊ ፖምፓ የሚሠሩ ስለ ሆኑ ማናቸውም ልምድ ያለው መካኒክ ይጠግናቸዋል። በኋለኛው ላይ የሚገኙት ባለ 2.5 እና ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ሞተሮች ግን ናፍጣውን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት የሚረጩ፥ በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ኢንጀክተሮች አሏቸው። ኃይላቸው የበለጠ ነው፤ ነገር ግን ቆሻሻ ናፍጣን አይታገሡም። አራቱን ኢንጀክተሮች መለወጥ ቢያስፈልግ ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ በዕድሜ ያነሰው መኪና ሁልጊዜ በወጪ ያነሰ አይሆንም።

፪ኛ፤ ስለ ምርመራው

ገዢው ሞተሩ ሳይሞቅ በማለዳ እንዲያየው ይጠይቅ። ቀድሞ የተሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃልና። ሲነሣ የሚወጣው ጢስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ፥ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባቱን ወይም ናፍጣው በደንብ አለመቃጠሉን ያሳያል። ጥቁር ጢስን በሚመለከት ግን ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ቱርቦ የሌለው ሞተር እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ የሚያገኘው አየር በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚያንስ፥ ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጢስ ማውጣቱ ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይሆንም። በሜዳ መንገድም ጢሱ ከበዛ ፖምፓውና የአየር ማጣሪያው ይመርመሩ።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መክደኛው ሲከፈት ጢስ በኃይል የሚወጣ ከሆነ፥ የፒስተኑ ፋሻዎች አልቀዋል ማለት ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ በውሃው ላይ የዘይት ቅባት ቢታይ፥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ያጠራጥራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ብቻውን ቴስታታን ሊያጣምም ይችላል። የሃይኤስ ሞተር ከፊት መቀመጫዎች ሥር የተቀበረ በመሆኑም ነጂው ፍሳሽን ቶሎ አያይም። ስለዚህ መኪናውን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በመሰለ ዳገት ላይ ነድቶ የሙቀት መለኪያውን መከታተል ይጠቅማል።

ፍሪሲዮኑን ለመፈተን የእጅ ፍሬን ተይዞ በ3ኛ ማርሽ ቀስ እያሉ መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ወዲያው ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ አልቋል። በአካሉ ላይ ማግኔት ቢያስጠጉ፥ በስቱኮ በተሸፈነው ቦታ ላይ አይጣበቅም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ እያነበበ የፍሬኑ ፔዳልና መሪው እጅግ ያለቁ ከሆኑ ደግሞ፥ ከቆጣሪው ይልቅ ፔዳሉን ማመን ይሻላል።

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደ ተለወጠ ሻጩ በደረሰኝ ያስረዳ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ እንደ ዓይነታቸው ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ መለወጥ አለበት። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ በጥቂት ገንዘብ የሚለወጠው ቺንጋም ሞተር ያስወርዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከመኪናው ጋር ይመሳከሩ፤ መኪናው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት አለመታገዱም ይረጋገጥ። የዓመታዊ ምርመራው ቦሎ መኪናው በዚያን ቀን መንገድ ላይ ለመውጣት መብቃቱን እንጂ፥ ሞተሩ ምን ያህል ዘመን እንደሚቀረው አይመሰክርም።

፫ኛ፤ ስለ ወጪው አገማመት

የተገኘው ጉድለት ሁሉ በወረቀት ላይ በሦስት ክፍል ይጻፍ። ቀላሉ የፍሬን ሸራ፥ አሞርዛተር፥ ቺንጋና የባሌስትራ ሥራ ነው። መካከለኛው ፍሪሲዮን፥ ራዲያተርና የመሪ ዕቃ ነው። ከባዱ ቴስታታ፥ ካምቢዮ፥ የናፍጣ ፖምፓ፥ ኢንጀክተርና ሞተር ማደስ ነው። በእያንዳንዱ አንጻር የዕቃው ዋጋና የእጅ ሥራው ለየብቻ ይሞላ። የዕቃውን ዋጋ ቢያንስ ከሁለት መለዋወጫ ሱቆች መጠየቅ፥ የኦሪጅናሉንና የአስመሳዩንም ዋጋ ለይቶ መጻፍ ይገባል። ከሶማሌ ተራ የሚገኘው ያገለገለ ዕቃ ለበር፥ ለመብራትና ለመሳሰለው ይበቃል፤ ለፍሬንና ለመሪ ግን አዲስ እንጂ አሮጌ አይገዛም። በድምሩ ላይ በዓይን ላልታየው ጉድለት አንድ አምስተኛ ይጨመር።

ለማስረዳት ያህል፥ የአንዱ መኪና ዋጋ 100 እጅ፥ ጥገናው 5፥ በመቆም የሚታጣው ገቢ 1 ይሁን። የሁለተኛው ዋጋ 85፥ ጥገናው 18፥ በመቆም የሚታጣው 6 ይሁን። ፊተኛው በ106፥ ርካሽ የመሰለው ግን በ109 እጅ ተገዛ ማለት ነው።

ይህ ወረቀት ገዢውን ከሁለት ወገን ያገለግለዋል። ጉድለቱ ቀላልና መካከለኛ ከሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ማስረጃ ይሆነዋል፤ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ደግሞ ግዢውን እንዲተው ያስገድደዋል። ለታማኝ መካኒክ የሚከፈለው የግማሽ ቀን ዋጋም እንደ ኪሳራ የሚቈጠር አይደለም። ከሱቁ ካፒታል አብዛኛውን በአንድ መኪና ላይ ለሚያውል ነጋዴ፥ ከሁሉ የረከሰው ወጪ ይኸው ነው።