የቀርከሃ አንጓና የጥንቱ ባሕር

ከማሻ ደጋ የወረደ ቀርከሃ እጃችሁ ከገባ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት። ውስጡ አንጓ በአንጓ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ባዶ፣ በግድግዳም የተዘጋ። አሁን ግድግዳዎቹን ሁሉ በስቶ የሚያልፍ አንድ ቀጭን ቧንቧ ጨምሩበት። አፉ ክፍት የሆነው የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ደግሞ እጆቹ ከራሱ ላይ የበቀሉ ለስላሳ እንስሳ አስቀምጡ። ከ450 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር የኖረ ሴፋሎፖድ ይህን ይመስል ነበር።

ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ራስና እግር ማለት ነው። ኦክቶፐስና ስኩዊድ ከዚህ ወገን ናቸው። ዝናብ ሲያባራ ቡና ሥር የምናየው ቀንድ አውጣም የሩቅ ዘመዳቸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ብቅ ሲሉ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጡም ነበር። ትልቁ ብልሃታቸው ያቺ ቧንቧ ናት። እንስሳው ሲያድግ ወደ ፊት ፈቀቅ ይልና ከኋላው ግድግዳ ይሠራል። አዲሱ ክፍል መጀመሪያ ውሃ ሞልቶታል። ቧንቧዋ ጨውን ትመጥጣለች፤ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይወጣል፤ ቦታውን ጋዝ ይይዘዋል። በዚህ መንገድ ዛጎል የተሸከመ እንስሳ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ተንሳፈፈ! ቆይቶ ቀጥ ያለው ዛጎል ብዙ ሜትር ደረሰ።

ከ400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ እነ አሞናይት መጡ። ዛጎላቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ስለሆነ ስማቸው ባለ ቀንድ ከሆነው ከግብፁ አምላክ ከአሞን ተወሰደ። የውስጥ ግድግዳቸው ጠርዝ እንደ ጎመን ቅጠል የተሸበሸበ ነው። በ1895 ጀርመን ውስጥ የተገኘው አሞናይት ስፋቱ ወደ 1.8 ሜትር ይጠጋል፤ የቆመ ሰው ያህላል።

ሌሎቹ ዛጎላቸውን ወደ ሰውነታቸው ውስጥ አስገቡት፤ ስኩዊድ ከእርሱ የቀረ ስስ ዘንግ አለው። ኦክቶፐስ ግን ጨርሶ ተወው ማለት ይቻላል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ታላቁ ጥፋት ሲመጣ አሞናይቶች አለቁ። ጥቃቅን ጫጩቶቻቸው ከውሃው ገጽ አጠገብ ይንሳፈፉ ስለነበር ሳይጎዳቸው አልቀረም። እንቁላሉ ትልቅና ለመፈልፈል ዓመት ገደማ የሚፈጅበት ናውቲለስ ግን ዛጎሉን እንደለበሰ እስከ ዛሬ አለ።

ታዲያ እኛ ጋ፣ በማጂ ተራሮች፣ የአሞናይት ቅሪት ለምን አናገኝም? ተራሮቻችንን የገነባው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የፈሰሰውም አሞናይቶች ከጠፉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሻገሩ ግን የዓባይ ሸለቆ መሰሉን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቆርጦ ከሥሩ የጥንት ባሕር ያስቀመጠውን የኖራ ድንጋይ ያሳያችኋል። ከመቀሌ በስተ ደቡብ ያለችው አንጣሎ ለዚሁ ድንጋይ ስሟን ሰጥታዋለች። ስያሜውን የሰጠው በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ ነው፤ መጽሐፉ በ1870 ታተመ። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ድንጋዩ ወደ 155 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው፤ አሞናይቶችም ተገኝተውበታል።

የሙገርና የመሰቦ ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ የኖራ ድንጋይ ነው። እኛ ጋ ባሕሩ ድንጋይ አልተወልንም፤ ግን ሚዛን ከተማ ውስጥ በዚያ ሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ስትዳስሱ፣ እጃችሁ ያረፈው አሞናይት ከዋኘበት ባሕር በቀረ ኖራ ላይ ነው።