ፓሽን ፍሩትን ከዘር ለማልማት፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ውርጭን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል

ሰፊ ማሳ የሌለው የከተማ ዳር አርሶ አደርም ቢሆን አጥር አያጣም። ፓሽን ፍሩት ሐረግ በመሆኑ በአጥር፣ በሽቦ ወይም በዳስ ላይ እየተንጠላጠለ ያድጋል፤ ዘሩም ከገበያ በተገዛ አንድ ፍሬ ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ በደጋ አካባቢ ከዘር እስከ መጀመሪያው ፍሬ አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ዘሩ ያለ ቦታው ከተመረጠ ወይም ችግኙ ያለ ወቅቱ ከተተከለ ይህ ሁሉ ድካም በአንድ የውርጭ ሌሊት ከንቱ ሊሆን ይችላል።

መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ ተክል በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ቢጫው ሞቃታማ አካባቢን ይወዳል። በአገራችን በአርሲ ዞን ቲቢላ አፍሪካ ጁስ ለጭማቂ ያለማው ይኸው ቢጫ ዓይነት ነው። ሐምራዊው ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚስማማው ሲሆን፣ ከሥር የጸና ተክል ቀላል ውርጭን መቋቋም ይችላል። ጽኑ ውርጭ ግን እሱንም ይገድለዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ ከተሞች የሚመረጠው ከሐምራዊ ፍሬ የተገኘ ዘር ነው።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የሚገኙት ሦስቱ አካባቢዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ በመሆኗ ከሦስቱ የተሻለ ዕድል አላት። ቡራዩ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ሱሉልታ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሱሉልታ ሜዳ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። በመሆኑም በሱሉልታ ተክሉን ሜዳ ላይ በስፋት ከመትከል በፊት በቤት ግድግዳ ጥግ በጥቂት ችግኝ መሞከር ይበጃል።

ለዘር የሚሆነው በሚገባ የበሰለ፣ ቆዳው መሸብሸብ የጀመረ ፍሬ ነው። የውስጡን ፈሳሽ ከነፍሬው በዕቃ አድርጎ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማቆየት፣ ከዚያም ዘሩን በንጹሕ ውኃ አሽቶ ማጠብና በጥላ ሥር ማድረቅ ያስፈልጋል። ዘሩ በቆየ ቁጥር የመብቀል አቅሙ ስለሚቀንስ ቶሎ መዝራት ይመረጣል። ሙቀት ባለበት ቦታ ትኩስ ዘር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ በብርድ ግን ይዘገያል።

የችግኝ ፕላስቲኩን በደን አፈር፣ በተብላላ ፍግና በአሸዋ ድብልቅ ሞልቶ ዘሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መቅበር ይበቃል። ያልተብላላ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል። በታኅሣሥ ወይም በጥር የተዘራው ዘር ሌሊት ሌሊት ቤት ውስጥ፣ በተለይም ማዕድ ቤት አጠገብ ቢቀመጥ ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጸና ለተከላ ይደርሳል። ችግኙ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም ቀስ በቀስ ፀሐይ እያለማመዱ ማውጣት ይገባል።

የመትከያው ጉድጓድ በጥልቀትም በስፋትም 50 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በተክሎች መካከል ያለው ርቀትም 3 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ተክሉ ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር አይስማማውም፤ ክረምት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። እንዲህ ባለ መሬት አፈሩን ከፍ አድርጎ ደልድሎ መትከልና ማፋሰሻ ቦይ ማውጣት የግድ ነው። ሁለት ሜትር ከፍታ ባለው ምሰሶ ላይ ሽቦ ወጥሮ ሐረጉን መምራትም ያስፈልጋል። ፍሬ የሚይዘው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ በመሆኑ ከምርት በኋላ ያረጀውን መግረዝ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ኅዳር ከመግባቱ በፊት የተክሉን ግርጌ በገለባ መጎዝጎዝ፣ ሌሊት ሐረጉን በጆንያ ወይም በሣር ሸፍኖ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መግለጥ ይገባል። ሐምራዊው ዓይነት በአፈር ወለድ የአጠውላጊ በሽታም በቀላሉ ይጠቃል። በኬንያ ለዚህ የተገኘው መላ የሐምራዊውን ቅርንጫፍ በቢጫው ሥር ላይ ማዳቀል ነው። ለጓሮ አልሚ ደግሞ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፣ በዚያው ጉድጓድ መልሶ አለመትከልና መግረዣ መቀሱን ማጽዳት የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።

ችግኝ የሚያከፋፍሉ የወረዳና የክፍለ ከተማ የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ቁጥር ከመቁጠራቸው በፊት ሁለት ነገር ሊያጣሩ ይገባል፤ ችግኙ ከየትኛው ዓይነት ዘር እንደወጣና የሚተከልበት ቀበሌ ውርጭ ይጥልበት እንደሆነ። አፈጻጸሙም ሰኔ ላይ በተተከለው ብቻ ሳይሆን የካቲት ላይ ቆሞ በተገኘው ችግኝ ቢለካ አርሶ አደሩ የሚጠቀምበት ሥራ ይሆናል።