ስንፈራና ስንቆጣ በውስጣችን ምን ይሆናል?

 

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሉ ሰምታችኋል? አንድ ልጅ ትናንት በጓሮ እባብ አየ እንበል። ዛሬ ሲመሽ በዚያው ሲያልፍ መሬት ላይ የወደቀ ልጥ ያያል። ወዲያው ዘሎ ይሸሻል። ልቡ ይመታል፣ ላብ ላብ ይለዋል፣ አፉም ይደርቃል። ዞር ብሎ ሲያይ ግን ልጥ ነው! በራሱ ይስቃል። ለመሆኑ ሳያስብ ያስሮጠው ምንድን ነው?

እግዚአብሔር በሰጠን አንጎል ውስጥ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች አሉ። ስማቸው አሚግዳላ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ትርጉሙም ለውዝ ማለት ነው። ይህም የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ ነው እንጂ ኦቾሎኒ አይደለም። ስሙን ያገኙት በቅርጻቸው ነው። አሚግዳላ እንደ ዘበኛ ነው። አደጋ የሚመስል ነገር ሲመጣ፣ እኛ ገና በደንብ ሳናስተውለው ምልክት ይሰጣል። ያን ጊዜ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፤ እግርም ለሩጫ ይዘጋጃል።

«ልቤ ደነገጠ»፣ «ሆዴ ባባ» የምንለውም በከንቱ አይደለም። አንጎል ለልብና ለሆድ መልእክት ይልካል፤ እነርሱም ያሉበትን ሁኔታ ለአንጎል መልሰው ያሳውቃሉ። ስሜት የሚገኘው ከዚህ ሁሉ ኅብረት ነው።

ፍርሃት ባይኖር ይሻል ነበር ትላላችሁ? በአሜሪካ የምትኖር አንዲት ሴት በሕመም ምክንያት ሁለቱም አሚግዳላዎቿ ተጎድተዋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት፣ እባብ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሲወስዷት ያለ ፍርሃት በእጇ ያዘችው። ነገር ግን ይህች ሴት በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ለአደጋ ተጋልጣለች። አያችሁ ልጆች፣ ፍርሃት ጠባቂያችን ነው።

በግንባራችን በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ እንደ አስተዋይ ሽማግሌ ነው። ዘበኛው ሲጮኽ «ቆይ፣ ልጥ እኮ ነው» ይላል። ይህ ክፍል ግን በስሎ የሚጨርሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ እናንተ ቶሎ ብትቆጡ ወይም ብታለቅሱ አይግረማችሁ፤ ሽማግሌው ገና እያደገ ነው።

ሽማግሌውን የሚረዳው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ የተደረገ ጥናት አለ። ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት ሥዕል አይተው የስሜቱን ስም ሲመርጡ፣ የአሚግዳላቸው ሥራ ቀዝቀዝ አለ። ስሜትን በስሙ መጥራት ይረዳል ማለት ነው።

እንግዲህ ታናሽ ወንድማችሁ ደብተራችሁን ቢቀድ፣ ቁጣው ሳትጠሩት ይመጣል። ቁጣው ስለ መጣ ብቻ «እኔ ክፉ ልጅ ነኝ» አትበሉ። እጅ ማንሳትና መሳደብ ግን የእናንተ ምርጫ ነው። ያን ጊዜ አማትቡ፤ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ «ተናድጃለሁ» ብላችሁ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ንገሩ። በልባችሁ የሚከብድ ነገር ካለም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ቅዱስ ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲሄድ ነፋሱን አይቶ ፈራ። ነገር ግን ፍርሃቱን አልደበቀም፤ ጮኾ ጌታን ጠራ። ጌታም እጁን ዘርግቶ ያዘው። (ማቴዎስ ምዕራፍ 14)

ጥያቄዎች
1. አሚግዳላ ምን ይሠራል?
2. ፍርሃት ለምን ይጠቅማል?
3. በዚህ ሳምንት የተቆጣችሁበትን ጊዜ አስታውሱ። ምን አደረጋችሁ? ምን ብታደርጉ ይሻል ነበር?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።