የመጋገሪያ ምድጃ የግለት ምልክት

የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ምድጃ ከመጠን በላይ ሲግል በቊጥር ማሳያው ላይ ምልክት ያወጣል፤ ይኸውም በብዙዎቹ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ምድጃዎች «ኤፍ 2» ነው። የየፋብሪካው ምልክት ስለሚለያይ የምድጃችሁን መመሪያ ተመልከቱ። ምልክቱ ግለቱን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ምድጃውን አጥፉት። ጠፍቶም መጋሉን ካልተወ፥ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚቈርጠው ሪሌ ተጣብቆ ይሆናልና፥ ሳትዘገዩ ብሬከሩን አውርዱ። ሲጠፋ የሚበርድ እንደ ሆነ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የሙቀት መለኪያው ነው። ይህንንም ባለሙያ ኤሌክትሪኩን ቈርጦ በቴስተር ይለካዋል፤ በብዙ ምድጃዎች፥ በቀዘቀዘ ጊዜ፥ 1,080 ኦም ያህል ሊያሳይ ይገባዋል። ከዚህ እጅግ ከራቀ መለኪያው ይለወጥ፤ ደኅና ከሆነ ግን መቈጣጠሪያው ይመርመር።

ምልክቱን እያጠፉ መጋገር ቤትን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።